የምድጃችንን መስታወት አጥቁራችኋል ለተባልንበት ማስጠንቀቂያ የቀረበ ምስጋና

ለሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ጽሕፈት ቤት፣
ለተከበሩ የቁጥጥር ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ቢሮዎ ይሙቅ፣ ዓይንዎ ጭስ አይየው፣ ማኅተምዎም ቀለም አይጣ። እኔ ከሦስተኛው ረድፍ መጨረሻ ቤት የምጽፍልዎ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የላኩልን ማስጠንቀቂያ በሰላም ደርሶናል። የእንጨት ምድጃችን በር መስታወት በጥቀርሻ ስለጠቆረ፣ ይህም «የቸልተኝነት ምልክት» ስለሆነ፣ የምድጃው ተጠሪ በአካል ቀርባ የግዴታ ቅጽ ካልፈረመች ሐሙስ ዕለት ምድጃው እንደሚታሸግ በትሕትና ገልጸውልናል። ተጠሪዋ ታላቅ እህቴ ናት። ከተቀበረች ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ሐሙስ ብታረፍድ እንዳይቀየሙባት አደራ።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ እንጨቱ። ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል ይባላል፤ እናንተ ግን ለደረቁ አዝናችሁለት እርጥቡን ብቻ ስለምትልኩልን፣ ተረቱ እኛ ቤት ሲደርስ ይቸገራል። የመጨረሻው ጭነት ቅጠሉ እንኳ አልረገፈም ነበር። በአንዱ ጉማጅ ላይ ጉንዳኖች ቤታቸውን ሳይለቁ አብረው መጥተዋል፤ ለእነሱም ማስጠንቀቂያ ይደርሳቸው እንደሆነ አላውቅም።

፪ኛ. ስለ አየሩ። እንጨት ለመቆጠብ የምድጃው አየር ማስገቢያ ከግማሽ በላይ እንዳይከፈት ያወጣችሁት መመሪያ ግድግዳችን ላይ ተለጥፏል። አየር ያጣ እሳት ይታፈናል፣ የታፈነ እሳት ያጨሳል፣ ጭሱም መስታወቱን ያጠቁራል። ይህን የፊዚክስ መምህራችን በአንድ ክፍለ ጊዜ አስረድተውናል፤ መመሪያውን ያዘጋጀው ኮሚቴ ምናልባት ያን ቀን ከትምህርት ቤት ቀርቶ ይሆናል።

፫ኛ. ስለ ቸልተኝነቱ። ይህ እኔን ስለሚመለከት ትንሽ ቢረዝም ይታገሡኝ። እህቴ ሦስት ወር ሙሉ ከአልጋ ሳትወርድ የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከአልጋዋ ትይዩ ያለውን እሳት። ስለዚህ በየጠዋቱ፣ ምድጃው ቀዝቅዞ ሳለ፣ የጋዜጣ ቁራጭ በውኃ አርሼ፣ የላመውን አመድ እያስነካሁ መስታወቱን ክብ ክብ አሸዋለሁ፤ ከዚያም በደረቅ ጋዜጣ እወለውለዋለሁ። ሽቦ ስለሚጭረው አላስነካሁትም። እሷም ትራሷን ተደግፋ «አንተ የጥቀርሻ ሚኒስትር፣ ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ የአክስትህ ልጅ ናት እንዴ የምታልፋት?» ትለኝ ነበር። እርጥብ እንጨታችሁና የታፈነ አየራችሁ እያሉ፣ እሷ እስካለች ድረስ ያ መስታወት አንድ ቀን ጠቁሮ አልዋለም። ከቀብሯ በኋላ ግን ለማን እንደምወለውለው ስላላወቅሁ ተውኩት።

ተቆጣጣሪዎ የመጡት በአምስተኛው ቀን ነው። ለቅሶ ሊደርሱን የመጡ መስሏት እናቴ ወንበር አቀረበችላቸው። እሳቸውም መስታወቱን በጣታቸው ነክተው፣ ጣታቸውን እያሳዩ «እትዬ፣ ይቺን የምታህል ሥራ የሚሠራ ሰው ከቤትዎ ጠፋ?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ጣታቸውን የሚጠርጉበት ጨርቅ አቀበለቻቸው።

፬ኛ. ስለ መዝገቡ። የእህቴን ስም ለማሰረዝ ሰኞ ብመጣ፣ ስም የሚሰረዘው ባለስሟ ራሷ ስታመለክት ብቻ እንደሆነ ጸሐፊዎ በፈገግታ አስረዱኝ። ማመልከቻውን በምን እንደምልክላት ግን አልነገሩኝም።

ክቡር ሆይ፣ እናቴ ቀኑን ሙሉ የእህቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያንን ጥቁር መስታወት ትኩር ብላ ታያለች። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ጋዜጣዬን አርሼ ጠርጌዋለሁ። ለእናቴ ብዬ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ፈርቼ እንዳይመስልዎ። የእህቴን ስም ሰርዘው የእኔን ይጻፉ፤ የትኛውንም ቅጽ እፈርማለሁ። ማሸግ ግድ ከሆነ ግን እርስዎ ራስዎ መጥተው ለእናቴ ይንገሯት። እኔ ይህን እንዴት እንደሚናገሩት የሚያስተምሩበት ክፍል ገና አልደረስኩም።

በእንጨትዎ ጭስ የተነሣ ዓይኑ ዘወትር የሚያነባ፣ ለእንባውም ሌላ ምክንያት እንዳይፈለግለት የሚለምን፣

የተጠሪዋ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ ሰኞ ወረፋ ስጠብቅ በእንግዳ መቀበያችሁ ያለውን ምድጃ አይቼ ቀናሁ። መስታወቱ መልኬን ሳይቀር አሳየኝ። በምን እንደሚጠርጉት የጽዳት ሠራተኛዋን ብጠይቃቸው «እሳት ነድዶበት አያውቅም እኮ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ይህን ብልሃት መመሪያው ላይ ብታሰፍሩልኝ ኖሮ እኔም በአመድና በጋዜጣ ባልደከምኩ፤ እህቴን በብርድ አስተኝቼ መስታወቱን እንደ እናንተ አነጣው ነበር።