በአንድ ቀን ስለተሾሙት ሰባት የሥራ መሪዎች የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር አቶ አያሌው፣
ከቦሌ ሚካኤል ወረድ ብሎ ለሚገኘው የሹራብ ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 1989 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም የሹመት ደብዳቤ ሲፈርም የዋለውን ቀኝ እጅዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ የሚንቀጠቀጠው ግን በእርጅና ብቻ አይደለም፤ እሱን ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

አስቀድሜ፣ ታላቁን ዜና ያልሰማ የአገር ሰው ካለ ይስማ፦ በፋብሪካዎ ክር የምትደረድረው የልጅ ልጄ ሔዋን ባለፈው ግንቦት «የክር መደርደሪያ ክፍል ኃላፊ» ተብላ ተሹማለች። የምትቀመጠው በዚያው በርጩማ ላይ ነው፤ የምትደረድረውም ያንኑ ክር ነው። በዚያው ቀን ሌሎች ስድስት ሠራተኞችም ተሹመዋል። ሰባቱም የሠራተኛ ማኅበሩ አመራሮች የሆኑት በአጋጣሚ ነው ብሎ ማመን ለአንድ ሽማግሌ ቢከብድም፣ ለክቡርነትዎ ስል ሞክሬ ነበር።

አሁን ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

1ኛ. ሕግ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 42/85 ለሠራተኛ እንጂ ለሥራ መሪ እንደማይቆም ያወቅኩት በዚህ ዕድሜዬ ከእርስዎ ነው። ሰው ዝቅ ተደርጎ ሲጎዳ ብዙ አይቻለሁ፤ ከፍ ተደርጎ ሲጎዳ ግን ያየሁት የማኅበሩን ሊቀመንበር ወይዘሮ አዝመራን ነው። በተሾመች በሦስተኛው ሳምንት በሁለት መስመር ደብዳቤ ተሰናበተች፤ ሽርጧንም በር ላይ አስረክባ ሄደች።

2ኛ. ድግሴን ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ። ሔዋን ደብዳቤውን ይዛ የመጣች ዕለት ወጥመድ ነው ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ዓይን አፋርነቷ መሰለኝ። በእኛ ሰፈር ልጅ ተሹማ ዝም ከተባለ ጎረቤት ይቀየማል። ስለዚህ በግ አርጄ፣ ከእድር ድንኳን ተውሼ፣ ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ፎቶ አንሺ አስመጥቼ ደገስኩ። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዎን አቶ መኩሪያንም ጠራኋቸው፤ አላሳፈሩኝም። ወጥ ሦስት ጊዜ ሲጨመርላቸው አንድም ጊዜ በቃኝ አላሉም፤ ቆሜ ስመርቃትም ከማንም በላይ በጥሞና ያዳመጡኝ እሳቸው ነበሩ።

ማኅበሩ ሹመቱ ይሰረዝልን ብሎ ሲከስ ያ የድግሱ ፎቶግራፍ በእናንተ በኩል ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። አቶ መኩሪያም ቀርበው «ሔዋን አርባ ሰው ታዛለች ብለው አያቷ ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብለው መሰከሩ። የሥር ፍርድ ቤቱም ሹመቱን በደስታ ተቀብላለች፣ አርባ ሠራተኛም ትመራለች፣ ስለዚህ የሥራ መሪ ናት ብሎ ፈረደ፤ ስድስቱንም በዚያው ፍርድ ጠቀለላቸው። እንግዲህ በልጅ ልጄ ላይ ያስፈረድኩባት በገዛ በጌ ነው። በፎቶው ላይ ሁላችንም ስንስቅ እሷ አንገቷን ደፍታለች፤ አቶ መኩሪያ ግን አጥንት እንደያዙ ጥሩ ወጥተዋል።

3ኛ. ስለ ፍርሃቱም አመሰግናለሁ። ይግባኙ የሚሰማው የፊታችን ማክሰኞ ነው። ማኅበሩ ከተረታ ቀጣዩ ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ የሔዋን መሆኑን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ዘበኛዎ ማን ከማን ጋር እንደወጣ ስለሚመዘግብ፣ እሷና ጓደኛዋ ሸይማ ታክሲ እስኪይዙ ድረስ እንደማይተዋወቁ ሆነው ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ የግቢያችን በር ሲንኳኳ ማነው ብዬ ሁለት ጊዜ ሳልጠይቅ አልከፍትም።

በቀድሞው መንግሥት ጊዜ ገብረዋሕድ የሚባል የማኅበር ጸሐፊ ጋራዥ ውስጥ አብሮኝ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ለስብሰባ ተጠርቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ካፖርቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔ በየጠዋቱ ቱታዬን አጠገቡ እሰቅል ነበር፤ የት ደረሰ ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። እርስዎን ከዚያ ዘመን ሰዎች ጋር አልደምርዎትም፤ ጊዜው ተለውጧል ይሉኛል፣ እኔም አምናለሁ። ጉልበቴ ግን አላመነም።

ሰውን ከፍ ማድረግ ለማይሰለቸው እጅዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ እስከ ዛሬ ያልተሾምኩ፣ ወደፊትም እንዳልሾም አጥብቄ የምለምን፣

ወልደጻድቅ፣ የሔዋን አያት
ቦሌ ሚካኤል

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ አርባውን ሰው የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። ሔዋን የምታዘው አንድም ሰው የለም። ፍርዱ የተነበበ ዕለት «አባባ፣ አርባውን ሰው ከየት አመጧቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። የክር መደርደሪያው አርባ ሳጥን እንዳለው ነግራኝ ነበር፤ በድግሱ ሞቅታ ሳጥኖቹን ሰው አደረግኳቸው። ማክሰኞ ዳኞቹ ከፈቀዱልኝ ይህንኑ ቆሜ እናገራለሁ፤ ባይፈቅዱልኝም በዚህ ደብዳቤ እነሆ በጋዜጣ ወጥቷል። ስሜን በዘበኛዎ ያስመዝግቡልኝ። አቶ መኩሪያም ችሎት ይምጡ፣ በጥሞና ማዳመጥ ያውቁበታል፤ በዚህኛው ንግግሬ ላይ ግን ወጥ የለም።