ሙሽራዋ ከሳሽ፣ ሙሽራው ተከሳሽ

ማክሰኞ፣ ጥር 5፣ ከሰዓት

ታይፑን፣ የድሮ የጽሕፈት መኪናዬን፣ ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ወገቤ እዚያው ቀረ። ያኔ ግን ሐያትን በሆዴ፣ እሱን በጀርባዬ ይዤ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ፍ/ቤት በር ድረስ እመላለስ ነበር። ጉልበት የት ሄደ።

ደብተሬ፣ ታይፑን ያስወጣኝ የልጄ ነገር ነው። የሐያት ኒካህ ደርሷል፣ ከረመዷን በፊት። የጥሪ ወረቀቱን በታይፕ ጻፊልኝ አለችኝ። ማተሚያ ቤቱ ሞልቶ፣ ወርቅማ ቀለሙ ሞልቶ። አሁን የታይፕ ጽሑፍ ነው አሉ የሚወደደው። ኮምቦልቻ አንድ ካፌ ታይፕ መስኮት ላይ አስቀምጦ ወጣቱ ተሰልፎ ፎቶ ይነሳበታል። ሥዕሉን በስልኳ አሳየችኝ። እኛ የተገላገልነው ዕቃ ለእነሱ ጌጥ ሆነ።

እሺ አልኳት። አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ።

ረቡዕ፣ ጥር 6

የታይፑ የቀለም ሪባን ደርቋል። የማኅተም ቀለም ጠብ ጠብ አደረግሁበት፤ ጣቴ ሁሉ ሐምራዊ። አንዱ ፊደል ተቀርቅሮ አልነሳም አለ፣ የስፌት መኪና ዘይት ሲቀምስ ተነሳ። ቀጭ ቀጭ። መስመሩ ሲያልቅ ደወሏ ቅጭል። ብቻዬን ሳቅሁ።

የሚከነክነኝ ምን መሰለሽ። ሽማግሌ የመጣ ቀን የሙሽራው የአብዱ እናት ወ/ሮ ዘይነባ፣ ኮምቦልቻ አስተማሪ የነበሩ ሴት ናቸው፣ ሥራዬን ጠየቁ። የሐያት አጎት ቀድሞኝ «የቢሮ ጸሐፊ ነበረች» አለ። ሐያት አንገቷን ደፋች። እኔም አላረምኩትም። የምን ቢሮ። የፍ/ቤቱ አጥር ሥር፣ ጃንጥላ ተክዬ፣ ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ የምጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነበርኩ። አባቷ ሲሞት እሷን ያሳደግሁት በዚያ ነው።

አንድ ቀን፣ ተማሪ እያለች፣ ከጓደኞቿ ጋር በዚያ ስታልፍ አየኋት። ሻርፗን ወደ ፊቷ ስባ አለፈችኝ። አልጠራኋትም። እስካሁንም አላነሳሁባት። እንዲያው ውስጤ ተቀምጧል።

ዓርብ፣ ጥር 8፣ ከጁምዓ በኋላ

ጉድ ሠራሁ። ለሙከራ ወረቀት አስገባሁ፣ ጣቴ ብቻውን ሄደ። ቀና ብዬ ሳነበው፦

ከሳሽ፦ ሐያት
ተከሳሽ፦ አብዱ
ጉዳዩ፦ ጋብቻን ይመለከታል

ይኸው። ዕድሜ ልኬን የባልና የሚስት ክስ ስጽፍ ኖሬ ጣቴ ሌላ ወግ ከየት ያምጣ። ሁለት ስም ላይና ታች ካየ ተጣልተዋል ነው የሚለው። ሟርት መሰለኝ። አዑዙ ቢላህ ብዬ ልቀደው ስል ሐያት ከኋላዬ ነጠቀችኝ። መሬት ቁጭ ብላ ሳቀች። ፎቶ አንስታ ለአብዱ ላከች። አብዱ ደግሞ ለእናቱ አሳየ።

አበቃ። አስተማሪ ናቸው፣ ይሄ የቢሮ እጅ እንዳልሆነ አይጠፋቸውም። ውሸታም ቤተሰብ ሊሉን ነው። ምሳ አልወረደልኝም።

ያው ቀን፣ ከመግሪብ በፊት

ስልክ ጮኸ። ወ/ሮ ዘይነባ። ሰላምታው ረዘመ፣ ቤተሰቡ፣ ጤናው፣ ብርዱ፣ እኔ እያላበኝ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፦ «እትዬ ከድጃ፣ ልጄን ከሰሱብኝ አሉ።»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዞርኩ። እሳቸው ቀጠሉ፦

«እንግዲያው ጠበቃው እኔ ነኝ። ቀጠሮ ይስጡንና መልስ ይዘን እንምጣ።»

ሳቁ። ወላሂ እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ። ሁሉን ያውቃሉ ለካ። ሐያት ለአብዱ ገና በተዋወቁ ሰሞን ነግራዋለች፣ እናቴ በዚያች ታይፕ ነው ያሳደገችኝ ብላ፤ እሱም ለእናቱ። ሽማግሌ የመጣ ቀን አንገቷን የደፋችው በአጎቷ ውሸት አፍራ ነው። ጥሪው እንዳለ በክስ ወግ ይጻፍ፣ ከሳሽና ተከሳሹ እንዳይነካ አሉኝ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ልጄን ጠየቅኋት። የሻርፑን ነገር። ረሳሁት ትላለች ብዬ ነበር። አልረሳችም። ያን ቀን ዝናብ ነበር አለችኝ፣ ጃንጥላውን ለታይፑ ሰጥተሽ አንቺ ትበሰብሺ ነበር፤ ሳለቅስ ጓደኞቼ እንዳያዩኝ ብዬ ነው የተሸፈንኩት።

አልሐምዱሊላህ። ሌላ የምለው የለኝም። እራት ሁለት ሰው የሚበላውን በላሁ።

እሑድ፣ ጥር 10

የካፌው ሰውዬ በአብዱ በኩል ልኮ ታይፑን ይሽጡልኝ ይላል። አይሆንም በሉት አልኩ። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ አልጋ ሥር አይመለስም።

ጥሪውን እየጻፍን ነው። የሚጠየቀው ዳኝነት፦ እንግዶች መጥተው፣ ምሳ በልተው፣ ዱዓ እንዲያደርጉ። ሐያት ታነባለች፣ እኔ እመታለሁ።

አንድ ነገር ወሰንኩ። ራፖር ጸሐፊ ከሥር ስሙን አይጽፍም፤ የሚፈርመው ባለጉዳዩ ነው። የስንቱን እንባ ጽፌ አንዱ ወረቀት ላይ እንኳ የእኔ ስም የለም። በዚህኛው ግን ከታች፣ ወደ ቀኝ ገፋ አድርጌ፦ ጸሐፊ፣ የከሳሽ እናት፣ ከድጃ። ሁሉም ላይ።

ሐያት ወረቀት አስገብታ እየጠራችኝ ነው፣ መጣሁ አልኳት፣ ደብተሬ ቆዪ