ሾርባው ውስጥ ዱቄት ነበረ

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ ደህና ነው? ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹ ድንቡሼስ? የፊት ጥርሱ ወልቆ እየሳቀ የተነሳውን ፎቶ ልከሽልኝ ነበር፤ አዲስ በቀለለት ወይስ እስካሁን እንደ ሽማግሌ በድዱ ነው የሚስቀው? አንቺስ የኔ እናት፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ድካሙ ለቀቀሽ? ደምሽ ሞላ? ሆድሽስ እንዴት ነው?

ስለ ሆድሽ ስጠይቅሽ ይህ የመጀመሪያዬ መሆኑን አውቃለሁ። በሽታሽ ከታወቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለሚያፈሰው ጣሪያችሁ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤታችሁ ውሻ ሳይቀር ጠይቄሻለሁ፤ ስለ ሆድሽ ግን አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ዛሬ ያነሳሁትም ደግ ወንድም ስለሆንኩ አይደለም። መሀል ላይ ቀደሽ ልትጥይው ያምርሽ ይሆናል፤ አልፈርድብሽም። ግን እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ እዚህ ወረቀት ላይ ያለው ነገር ያንቺና የኔ ብቻ አይደለም።

እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ያው እንደምታውቂው ልብስ ስፌት ፋብሪካው ካንቲን ውስጥ ነው የምሠራው። ሦስት መቶ ሰው የሚበላባቸው፣ ሰው ቆሞ ሊታጠብባቸው የሚችል ሁለት ድስቶች አሉን። እስካለፈው ወር ድረስ የድስቶቹ ጌታ እኔ ነበርኩ። አሁን ሳህን አጣቢ ነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ከሰፊዎቹ መካከል ኮሌታ የምትገጥም አንዲት ሴት አለች። ምሳዋን ከቤቷ ይዛ እየመጣች፣ ጥግ ያለውን ጠረጴዛ በራሷ ጨርቅ ወልውላ፣ ለብቻዋ ነው የምትበላው። ሠራተኛው «መራጯ» የሚል ስም አውጥቶላታል። ስሙን ማን አወጣላት ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ እኔ ነኝ።

አንድ ማክሰኞ የምሳ ዕቃዋ ከእጇ አምልጦ ሩዟ መሬት ላይ ተበተነ። ሰዉ ሳቀ። እሷ ሩዙን አፍሳ ስትጨርስ ምግብ ወደምናቀብልበት መስኮት መጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሾርባው ውስጥ ዱቄት ገብቷል? የስንዴ ነገር ያመኛል» አለችኝ። ያን ቀን ጠዋት ሾርባው ቀጥኖብኝ ሁለት ጭልፋ የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጬ ጨምሬበታለሁ። «ምንም የለበትም፣ ብዪ» አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም ብልሽ ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል። ካላወቀች ምንም አትሆንም ብዬ ነው። በልታ ስትጨርስ «አየሽ፣ ዱቄት ነበረበት፤ ምን ሆንሽ?» ብዬ በሰው ፊት ላስቅባት ነበር ያሰብኩት። እሷ ግን ትኩስ ነገር ከቀመሰች የቆየች ይመስል ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣችው። ስትመልሰውም «እጅህ ይባረክ» አለችኝ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የስፌት ክፍሉ ተቆጣጣሪ እየሮጠች መጣች። ሴትየዋ መጸዳጃ ቤቱ ወለል ላይ እጥፍጥፍ ብላ ታስመልሳለች፤ ከንፈሯ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ደግፌ ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ ምን እንደበላች ስትጠይቃት፣ «ሾርባ ነው፤ ግን ዱቄት እንደሌለበት እሱ ነግሮኛል» አለች። በዚያ ሁሉ ስቃይ ውስጥ ሆና እንኳ አምናኛለች። ያኔ አላስቻለኝም። «ነበረበት» አልኩ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። አልጮኸችብኝም፣ አልሰደበችኝም። «ጠይቄህ ነበር እኮ» አለችኝ።

እህቴ፣ በዕድሜዬ ዱላም ስድብም ጠግቤያለሁ። እንደዚያች ቃል ግን ያሳመመኝ የለም።

በኋላ ነርሷ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣ እንደ ተማሪ አስተማረችኝ። ሴሊያክ ይባላል አለችኝ፤ አንቺ ስትነግሪኝ «ይሄ ደግሞ የሰው ስም ነው የመድኃኒት?» ብዬ የሳቅሁበት ያው ስም። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ በሽታው ያለበት ሰው ያን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ የገዛ አንጀቱን ይዋጋል። አንጀታችን ውስጥ ምግብ የሚመጥጡ፣ እንደ ፎጣ ጸጉር ያሉ ነገሮች አሉ፤ እነሱ ተልጠው ያልቃሉ። ሰውየው እየበላ ይራባል። ክኒን የለው፣ መርፌ የለው፤ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ያን እህል አለመንካት ነው። «ትንሽስ ብትሆን?» አልኳት። «ፍርፋሪም ይበቃል» አለችኝ። «ዳቦ የተቆረጠበት ቢላዋ ሳይታጠብ ሌላ ነገር ቢቆረጥበትም ይበቃል።» ቢላዋ ስትል ያንቺ ወጥ ቤት ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ይኸው፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ወደ ዋናው ነገር መግባት ፈርቼ ነው። ልግባ።

ባለፈው ዓመት ለሦስት ሳምንት እናንተ ዘንድ መጥቼ ያረፍኩ ጊዜ፣ የእያንዳንዱን ማሸጊያ ጀርባ እንደ ውል ስታነቢ አይቼ ደሜ ይፈላ ነበር። «ዳቦ ተሻምተን ያደግን ልጆች አይደለንም ወይ? ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የተሞላቀቅሽው?» አልኩሽ። አንቺም «ያኔም ያመኝ ነበር እኮ፤ የሰማኝ የለም እንጂ» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ዳቦ በበላሽ ቁጥር በሆድሽ ተደፍተሽ ትተኚ ነበር፤ ዕቃ ማጠብ ሸሽታ ነው እያልኩ ለአባታችን የማሳብቅብሽ እኔ ነበርኩ።

አብረዋችሁ ይኖሩ የነበሩት አማትሽ ግን ያመኑሽ በሽታሽ የታወቀ ዕለት ነው። ያንቺን ቢላዋ፣ ጭልፋና ድስት በቀይ ክር ለይተው፣ ዳቦ ከነኩ እስከ ክርናቸው ሳይታጠቡ አጠገቡ አይደርሱም ነበር። እኔ ያን እያየሁ «እርስዎም አመኑላት?» ብዬ ሳሾፍ፣ «አመመኝ ካለች አሟታል፤ ማስረጃ አምጪ ልበላት?» አሉኝ።

የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተናሽ ዋዜማ ነበር። አንቺ ክፍልሽን ዘግተሽ የሒሳብ መጽሐፍሽ ውስጥ ተቀብረሻል። የዛሬ እራት የኔ ነው ብዬ ሴቶቹን ሁሉ ከወጥ ቤት አስወጥቼ፣ ባንቺው ድስት የአትክልት ሾርባ ሠራሁ። ቀጠነብኝ። የዱቄቱ ጣሳ መደርደሪያው ላይ ነበር። ሁለት ማንኪያ ጨመርኩ። ልጎዳሽ አልነበረም፤ ልፈትንሽ ነው። ጠዋት ደህና ሆነሽ ስትነሺ «በይ እንግዲህ፣ በልተሽዋል፤ ሞትሽ?» ልልሽ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በገዛ እህቱ ላይ፣ ያውም በዚያች ቀን እንዴት ያስባል ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። እኔም ራሴን እየጠየቅሁ ነው። ከነገርሽኝ ቀን ጀምሮ በሽታሽን ስክድ ቆይቼ፣ ከምሳሳት ይልቅ አንቺ ብትሳሳቺ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ጠዋት ደህና ሆነሽ አልተነሳሽም። ፈተናው በሁለት ሰዓት ጀምሮ በስድስት ሰዓት ሲያልቅ አንቺ ባልዲ አቅፈሽ ነበር። አምስት ቀን አልጋ ይዘሽ ቆየሽ። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ነገሩ በኔ ላይ ያልቅ ነበር። በማግስቱ ግድግዳ ተደግፈሽ ወጥ ቤት ገብተሽ፣ ጠረጴዛው ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አግኝተሽ «ቢላዬን ማን ነው የነካው?» ብለሽ ስትጮኺ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ወደ አማትሽ ዞረሽ «ሆን ብለው ነው፤ እንድማር አይፈልጉም» ስትያቸውም እዚያው ቆሜ ነበር። እሳቸው አልማሉም፣ አልተከራከሩም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የታጠበውን ሳህን እንደገና ያጥቡ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ልብሳቸውን በአንድ ሻንጣ ከተው ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ሄዱ። ሻንጣውን እስከ ታክሲው የተሸከምኩላቸው እኔ ነኝ። መኪናው ውስጥ ገብተው ጉንጬን ዳበስ አደረጉና «ተባረክ ልጄ፤ እህትህን ጠብቃት» አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ። አሜን አልኩ እህቴ!

ከዚያ ወዲህ ባለቤትሽ እናቱን ለብቻው እየሄደ እንደሚያይ፣ ሲመለስም አንገቱን ደፍቶ እንደሚቀመጥ በደብዳቤ ነገርሽኝ። እኔም «አይዞሽ፣ ጊዜ ይፈታዋል» ብዬ መለስኩልሽ። ጊዜ ምን አድርጎ ይፍታው? የቋጠርኩት እኔ ነኝ።

ከክሊኒኩ በኋላ እንቅልፍም ምግብም እንቢ ሲለኝ፣ በአራተኛው ቀን በምሳ እረፍቴ ለባለቤትሽ እህት ቤት ደወልኩ። አማትሽ ቀረቡልኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳላደርስ «ሾርባው ውስጥ ዱቄት የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ አልኩ። «አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ያን ማታ ድስቱን ሳጥብ የጓጎለ ዱቄት በጣቴ መጣ። ያኔውኑ አወቅሁ፤ እሷ ግን ጠጥታ ጨርሳ ነበር።» ታዲያ ለምን ዝም እንዳሉ ስጠይቃቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እኔ የምሄድበት የልጅ ቤት አለኝ። እሷ ካንተ ሌላ ወንድም የላትም። አንተን ካጣች ወዴት ትሄዳለች?» ቀጥለውም «አሁንም እንዳትነግራት። እኔ ለምጄዋለሁ» አሉኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ «ለምጄዋለሁ» ያሉት ነገር ነው።

በማግስቱ ለአለቃዬ ሁሉንም ተናግሬ ከድስቱ ተነሳሁ። ሰፊዋ ዘጠኝ ቀን ቤቷ ተኝታ ስትመለስ፣ ያዋረድኳት በሰው ፊት ስለሆነ፣ በሰው ፊት መስኮቱ ጋ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ ምግብህን ግን አልበላም» አለችኝ። ልክ ናት። አሁን ለሷ የሚሆን የተለየ ድስት ተገዝቷል፤ የምታበስልላት ሌላ ሴት ናት፤ እኔ ያን ድስት እንኳ አላጥብም። ሰዉም «መራጯ» ማለቱን ትቶ እኔን «ዱቄቴ» ይለኛል። ስጠራ አቤት እላለሁ።

ነርሷ የበሽተኛ እህትና ወንድም፣ ልጆችም ጭምር መመርመር አለባቸው ብላኝ ደሜን ሰጠሁ። እስክትመረመር ዳቦ መብላትህን እንዳታቆም፣ ካቆምክ ውጤቱ ያሳስታል ስላለችኝ ለሁለት ሳምንት እያነቀኝ በላሁ። ነፃ ነህ አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ወረቀቱን ይዤ አንገቴን ደፋሁ። አንቺ በልጅነትሽ የተሰቃየሽበትን ዳቦ እኔ እስከዛሬ ያለ ስጋት እበላለሁ፤ በዚያ ላይ የተሞላቀቀች እያልኩ እሰድብሽ ነበር። ድንቡሼ ሆዱ ይነፋል ብለሽኝ ነበርና እሱንም ትልቋንም አስመርምሪያቸው። አመመኝ ካሉሽ እመኛቸው። እንደኔ አትሁኚባቸው።

ይቅር በይኝ ብዬ አልለምንሽም፤ እሱን ለመጠየቅ ገና አልደረስኩም። የምለምንሽ ሄደሽ አማትሽን እንድታመጪያቸው ነው። እኔው ራሴ መጥቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ አስቤ ነበር፤ ፈቃድ የማገኘው ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ እሳቸው በኔ ጥፋት ሦስት ወር ተጨማሪ ከልጅ ልጆቻቸው ርቀው መክረም የለባቸውም። ደብዳቤውን ይዘሽ ሂጂና ፊታቸው አንብቢው። ፈተናው ዘንድሮም ካለ ተቀመጪ። ያን ሳምንት እኔ በአገሩ አልገኝም፤ ወጥ ቤትሽ ሰላም ነው።

ለባለቤትሽ ሰላምታ እልካለሁ፤ ደብዳቤውን ካነበበ በኋላ ሊቀበለው ከፈለገ ነው። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ አያቷ ለምን እንደሄዱ ስትጠይቀኝ «ደክሟቸው ነው» ብያታለሁና አጎትሽ ዋሽቶሻል በያት። ድንቡሼን ያን ባዶ ድዱን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ እህትም ስልኳን አውሳኝ ምንም ሳትጠይቀኝ ስላቀረበችልኝ ምስጋናዬን አድርሺልኝ።

ለአማትሽ ደግሞ እንዲህ ብለሽ አንብቢላቸው፦ እማማ፣ እንዳትነግራት ብለውኝ ነበር። ነገርኳት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ካደረግሁት ሁሉ የማላፍርበት ይህ አንድ ነገር ነው።

ወንድምሽ

ከፋብሪካው የሠራተኞች መኖሪያ፣ ክፍል ቁጥር 14
እሑድ፣ ኅዳር 9 ቀን