ቆንስላው ያልመዘገበው ጋብቻችን

ይድረስ ለባለቤቴ ለኃይለ ሚካኤል፤

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ አልቀበርኩህ እንጂ መሞትህንስ አውቃለሁ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። መንደራችን ቀየት እንደምታውቃት ናት፤ ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ ደጃፍ ላይ ተገትሮ ይውላል። ከባሕር ማዶ መጥተህ ያጎለበትከው ምንጭ ዛሬም አልነጠፈም፤ ሴቶቹ ውኃ በቀዱ ቁጥር ነፍስ ይማር ይሉሃል። እማዬ ዓይኗ ጨርሶ ደከመ። ኮቴ በሰማች ቁጥር አንተ የመጣህ እየመሰላት ስምህን ትጣራለች።

ተናድጄብሃለሁ፣ ልንገርህ። በሞተ ሰው ይናደዷል ወይ አትበለኝ፤ ይናደዷል። ጋብቻችንን በአገርህ ቆንስላ እናስመዝግብ ብዬ ስንቴ ጨቀጨቅኩህ? መጀመሪያ የሄድን ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት ይዘን ነበር። ያጋቡን አባ ደግሞ እንደ ወጉ የጻፉት በክርስትና ስማችን ነው፤ ኃይለ ሚካኤልና ወለተ ጊዮርጊስ። ፓስፖርትህ ማርቲን ይላል፣ መታወቂያዬ ጥሩወርቅ። የቆንስላዋ ጸሐፊ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና እነዚህ ሰዎች እናንተ አይደላችሁም ብላ መለሰችን። አባን አስተካክሉልን ብንላቸው ቱግ አሉ፤ ያቆረብኩት ኃይለ ሚካኤልን ነው፣ ማርቲን የሚባል ሰው አጋብቼ አላውቅም ብለው ድርቅ! ይኼኔ አንተ ልታግዘኝ ሲገባ ከት ብለህ ሳቅህ። እውነታቸውን ነው፣ ማርቲን እኮ ላጤ ነው እያልክ እስከ ቤት ድረስ አሾፍክብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ ሳቅህ ይጋባል።

ከዚያ ወረዳው ሌላ ወረቀት ይስጠን ብለን መሐል ሜዳ ከተማ ተመላለስን። ዛሬ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ነገ ግምገማ ነው። አንተም ጾሙ ይፈታ፣ ክረምቱ ይለፍ እያልክ አዘገየኸው። በእግዚአብሔር ፊት ከተጋባን ሌላው ይደርሳል ትለኝ ነበር። ከእኔ ብሰህ መንዜ ሆነህ አረፍከው! ወረቀቱ በስንት መከራ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ሄደን ልናስመዘግብ በተቀጠርንበት ሳምንት ሆድህን አመመህ። አንጀቱ ታጥፏል አሉ። አዲስ አበባ አድርሼህ ኦፕራሲዮን ገባህ፤ አልተነሣህም።

የቆንስላውን ሰዎች ሬሳህን ስጡኝ ብል ለሚስቱ እንጂ ለሌላ አይሰጥም አሉኝ። ሚስቱማ እኔ ነኝ! በመዝገባችን የለሽም አሉ። እዚህ የሰፈሩ ሰው መቃብርህን ቆፍሮ፣ ካህናቱ ለፍትሐት ተሰብስበው ይጠብቁሃል፤ እዚያ ወንድምህ በአውሮፕላን መጥቶ ፈርሞ ወሰደህ። አልፈርድበትም፤ እናታችሁ ልጄን ልቅበር ብላ ነው። እኔ ግን በርኖስህን ታቅፌ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ለቅሶ የተቀመጥነው በርኖስህንና ፎቶግራፍህን ይዘን ነው። ባዶውን ጉድጓድ መልሰው ደፈኑት። ባሌን አፈር ሳላለብስ ቀረሁ።

ባለፈው ሰሞን መቃብርህን እንኳ ልየው ብዬ ቪዛ ልጠይቅ ሄድኩ። ያችው ጸሐፊ የሟቹ ምን ነሽ አለችኝ። ሚስቱ ብዬ ባስሞላ ማስረጃ የለሽም ተብዬ ልመለስ ነው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ አዘነችልኝና ጓደኛው ብለሽ ፈርሚ፣ ምናልባት ይፈቅዱልሻል አለችኝ። እስክሪብቶውን ያዝኩት። ምን ያህል እንደናፈቅከኝ እግዜር ያውቃል፤ ድንጋይህን ዳስሼ ብመለስ እንኳ ይበቃኝ ነበር። ግን ያን ሁሉ ዓመት አብሬህ የተኛሁ፣ ሥጋ ወደሙን አብሬህ የተቀበልኩ ሴት፣ ጓደኛ? እጄ እምቢ አለኝ። ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩላትና እያለቀስኩ ወጣሁ።

እንግዲህ መቃብርህን አላየውም። አገርህ ያላገባች ትበለኝ፤ ቀየት ባሏ የሞተባት ትለኛለች፣ እኔም እዚሁ እኖራለሁ። ሌላ ባል እንደማላገባ ታውቃለህ። ሙት ዓመትህን በየዓመቱ አስባለሁ፤ እስትንፋሴ እስካለ አልረሳህም። ወዳለህበት የመጣሁ ቀን፣ ይቺ ማን ናት ብለው የጠየቁህ እንደሆነ፣ አደራ፣ ሚስቴ ናት በላቸው።

ጥሩወርቅ