በገጽ ሃያ ሰባት ላይ እያደገ ስለመጣው ፎቶግራፍ

ቀን፦ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኮሌጁ አካዳሚክ ዲን ጽሕፈት ቤት
ሰመራ

አመልካች፦ ፀሎት ሀብተ ሥላሴ፣ በሚዲያና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ
አድራሻ፦ ሰመራ፣ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ (የወላጆቼ አድራሻ ጭፍራ)

ጉዳዩ፦ በሟች ተማሪ ሸምሰዲን አሕመድ ስም ሐሰተኛ ሥራ አቅርበሻል በሚል የተሰጠብኝ ውሳኔ እንዲነሣልኝ እና የሟች አካውንት እንዳይዘጋ ስለመጠየቅ

ክቡር ዲን፣

1. በመጽሔት ዲዛይንና ዲጂታል ዝግጅት ትምህርት ሁለት ሁለት ሆነን ሃያ ስምንት ገጽ ያለው መጽሔት እንድናዘጋጅ ታዝዘን ነበር። እኔ ከሸምሰዲን አሕመድ ጋር ተመደብኩ። የመጽሔታችን ስም «ፌርማታ» ሲሆን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ ላይ ቆመው ስለሚያድሩ ሰዎች ነው፤ ስለ ከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ስለ ቀን ሠራተኞች፣ ባቡሩ ከቆመ በኋላም ከጣቢያው ግቢ ስላልወጡ ቤተሰቦች። እሱ ፎቶ ያነሣል፣ እኔ ጽሑፉንና የገጽ አቀማመጡን እሠራለሁ። ሥራችን በሙሉ ኢንተርኔት ላይ በተከፈተ አንድ የጋራ ፋይል ውስጥ ነበር።

2. የኮርሱ መምህር ራጉኤል ከመጀመሪያው ቀን ያስጠነቀቁን ነገር አለ። ፋይሉ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይመዘግባል፤ እሳቸውም ውጤት የሚሰጡት በዚያ መዝገብ ነው። ያልሠራ ተማሪ በጓደኛው ላብ እንዳያልፍ ነው፤ ደንቡ ትክክል ነው፣ አልቃወመውም። ችግሩ መዝገቡ ሸምሰዲን ከሞተ በኋላ ሃምሳ ሦስት ጊዜ እንደሠራ ማሳየቱ ነው።

3. የዲሲፕሊን ኮሚቴው የይለፍ ቃሉን ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ አዎ ብያለሁ። ኔትወርክ ሲያስቸግረው ራሱ ሰጥቶኝ ነበር፤ አልክድም። ከዚያ በኋላ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ግን አልመለስኩም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በእኔ ገብቷል። ጥር 26 ቀን በተጻፈ ደብዳቤ የኮርሱ ውጤቴ ዜሮ እንዲሆን፣ ለአንድ ዓመት ከትምህርት እንድታገድ፣ ወደ ፋይሉ ዳግም እንዳልገባ፣ የሟች አካውንትም የካቲት 15 ቀን እንዲዘጋ ተወስኗል። ያን ቀን ያልተናገርኩትን አሁን አቀርባለሁ።

4. ሸምሰዲን የሞተው ኅዳር 30 ቀን ነው። ከዚያ በፊት ለሽፋኑ ያመጣው ፎቶ ደብዝዞ ስለነበር «ድገመው» ብዬ ወደ መልካ ወረር የመለስኩት እኔ ነኝ። ጥጥ ለቃሚዎቹ በንጋት መኪና ሲጠብቁ እንዲያነሣልኝ ፈለግሁ። በጥጥ እርሻው ሠራተኞች መኖሪያ ከአንድ ዘመዱ ቤት አራት ቀን ያለ አጎበር አደረ፤ ሲመለስ አዋሽ ሰባት ኪሎ እናቱ ዘንድ አንድ ቀን ቆይቶ ሰመራ ገባ። ሳምንት ሳይሞላው ራሱን ያመው ጀመር። «ሙቀቱ ነው» አለ። እዚህ አገር ሁሉንም በሙቀት ማሳበብ ልማዳችን ስለሆነ እኔም ሙቀቱ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ሸምሰዲን የፎቶ መግለጫ መጻፍ ላይ እጅግ ሰነፍ ነበር፤ በትኩሳት ተኝቶ ሳለ የመጨረሻ መልእክቴ «የገጽ ዘጠኝ መግለጫ እስካሁን አልደረሰኝም» የሚል ነው። ሆስፒታል ሲደርስ ወባው ወደ አንጎሉ ወጥቶ ነበር። መልእክቴን ማንበቡን ስልኬ ያሳየኛል።

5. ገጽ ሃያ ሰባት የአዘጋጆች ገጽ ነው። የሁለታችን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ ከቴምብር ብዙም ሳይበልጥ፣ ከሥሩ አራት አራት መስመር የሕይወት ታሪክ ነበረበት። ታኅሣሥ 5 ቀን ጠዋት ፋይሉን ስከፍት የሸምሰዲን ፎቶ አድጎ አገኘሁት። ሳላውቅ ነክቼው ይሆናል ብዬ ወደ ልኩ መለስኩት። በማግሥቱ ደግሞ አድጎ ጠበቀኝ። መዝገቡን ስመለከት የለወጠው «ሸምሰዲን አሕመድ» ይላል፤ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፣ ቀኑም እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው።

6. ክቡር ዲን፣ በአቤቱታ ላይ ፈራሁ ተብሎ እንደማይጻፍ አውቃለሁ። ፈርቼ ነበር። ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የምትኖረው ኩኩ ጸበል እንድወስድ መከረችኝ። እኔ ግን ለማንም ሳልናገር በየጠዋቱ ፎቶውን አሳንሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ያድጋል። አንዳንድ ቀን ጥቂት ነው፤ አንዳንድ ቀን የእኔን ፎቶ አልፎ የሕይወት ታሪኬን ይሸፍናል። ከፍርሃቱ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ሌላ ነው። መፍራቴን እያወቅሁ ፋይሉን ለመክፈት እቸኩል ነበር፤ ስሙን ከስሜ ጎን ሳየው ብቻዬን የምሠራ አይመስለኝም።

7. በዚያው ሰሞን ለሸምሰዲን መጻፍ አላቆምኩም። ፋይሉ ውስጥ በሥራ ጓደኛ ስም ማስታወሻ መተው ይቻላል። ሁልጊዜ የምንነጋገረው በዚያ ስለነበር እጄ ለምዶታል። «ሸምሱ፣ የገጽ ስድስት ርእስ ረዘመ?» «ሸምሱ፣ ዛሬም መብራት የለም።» «ሸምሱ፣ ምነው ያን ቀን ድገመው ባላልኩህ።» እነዚህ ማስታወሻዎች ለኮሚቴው ተራ የሥራ ማስመሰያ መስለውታል። አይደሉም። የማለቅስበት ሌላ ቦታ ስላልነበረኝ ነው።

8. በመጨረሻ ለኮምፒውተር ክፍሉ ቴክኒሽያን ለአቶ ደጀን አሳየኋቸው። መዝገቡን ወደ ላይ ወደ ታች ካገላበጡ በኋላ «ይሄ ከላፕቶፕ አይደለም፣ ከስልክ ነው። የልጁ ስልክ አሁን ማን ጋ ነው ያለው?» ብለው ጠየቁኝ። ወር ሙሉ ስባንን ይህችን ጥያቄ ራሴን አልጠየቅኩም ነበር።

9. ለጥምቀት በዓል ትምህርት ሲዘጋ ወላጆቼ ጭፍራ እየጠበቁኝ እኔ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወረድኩ። የሸምሰዲን እናት ወይዘሮ ኑርሀያት የሚኖሩት በባቡር ጣቢያው የሠራተኞች ቤት ነው፤ ሟች ባለቤታቸው የጣቢያው ሠራተኛ ነበሩ። የልጃቸው የትምህርት ጓደኛ መሆኔን ስነግራቸው አቅፈውኝ ብዙ ቆዩ። ስልኩ በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሎ ከትራሳቸው አጠገብ ነበር፤ ከሆስፒታል ከልብሱ ጋር ነው የተሰጣቸው። ማንበብ አይችሉም። የኢንተርኔት ጥቅል ግን በየሳምንቱ ሱቅ ሄደው «ልጄ የሚያስገባውን» ብለው ያስሞላሉ።

10. ለመጨረሻ ጊዜ እሳቸው ዘንድ ባደረበት ቀን ሥራውን አሳይቷቸው ነበር። «ስልኳ ስትጮህ እዚህ ጋ ተጫኚ፣ ሥራዬ ይመጣልሻል አለኝ» አሉኝ። «ትጮሃለች፣ እከፍታለሁ። ጣቴን እያንሸራተትኩ እሱ ያለበት ድረስ እሄዳለሁ። ዓይኔ ደክሟል ልጄ፣ ፊቱ አነሰብኝ። በሁለት ጣቴ እንዲህ ገለጥ ሳደርገው ይቀርበኛል። በማግሥቱ ስከፍተው ግን ተመልሶ ርቋል።» ከዚያም በሁለት ጣታቸው አሳዩኝ። እሳቸው እንደ ሌላው ፎቶ አቅርበው የሚያዩ ይመስላቸዋል፤ ፕሮግራሙ ግን ሥዕሉን ራሱን ነው የሚያሳድገው። በየቀኑ ልጃቸውን ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። በየጠዋቱ ያራቅኩት እኔ ነኝ።

11. መሞቱን የዘነጉ እንዳይመስለኝ ደግሞ ይህን አሉ፦ «ጀናዛው ከዚህ ቤት ነው የወጣው፣ አላህ ይርሐመው፣ መሞቱ አልጠፋኝም። ግን ስልኩ ሲጮህ ሥራው አላለቀም ማለት ነው አልኩ። ለሥራው የሚፈልጉት ሰዎች አሉ አልኩ።» ስልኩን የሚያስጮኸው የእኔ ማስታወሻ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ማስታወሻዬ ሲደርስ ይጮሃል፣ እሳቸው ይከፍታሉ፣ መዝገቡ «ሸምሰዲን» ብሎ ይጽፋል። የማስጮኸው እኔ ነኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ዘቢብ ቋጥረው ለመንገድ ሰጡኝ፣ ሳልነግራቸው ይዤ ተመለስኩ።

12. ከዚያ ቀን በኋላ ፎቶውን አላሳነስኩም። ጥር 15 ቀን ያስረከብኩት መጽሔት ገጽ ሃያ ሰባት ላይ ከዳር እስከ ዳር የሸምሰዲን ፊት ነው ያለው፤ የእኔ ፎቶና ታሪክ ከሥሩ ተቀብሯል። መምህር ራጉኤል «ከባድ የአቀማመጥ ስሕተት» ብለው ነጥብ ቀንሰውበታል። በአቀማመጥ ሕግ ልክ ናቸው፤ ቅናሹን ተቀብያለሁ።

13. በሐሰተኛ ሥራ መከሰሴን በተመለከተ ግን መዝገቡ እንደገና እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ። ሃምሳ ሦስቱም ለውጦች በአንድ ገጽ፣ በአንድ ፎቶ ላይ ናቸው። አንዲት ፊደል አልተጨመረችም፤ የገጽ ዘጠኝ መግለጫ እንኳ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ለሟች ጓደኛዋ ውጤት የምትሰርቅ ተማሪ ወር ሙሉ ፎቶ ብቻ ስትለጥጥ አትኖርም። በእሱ አካውንት ገብቼ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የማደርገው ያንን መግለጫ መጻፍ ነበር።

14. በኮሚቴው ፊት ዝም ያልኩት ወይዘሮ ኑርሀያት ለምስክርነት እንዳይጠሩ ፈርቼ ነው። ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ መጥተው፣ ከረጅም ጠረጴዛ ፊት ቆመው፣ «ፋይሉን ለምን ነካሽ?» ተብለው ሲጠየቁ ታየኝ። አሁንም እንዳይጠሩ እለምናለሁ። አቶ ደጀን መዝገቡን በማብራራት ሊመሰክሩልኝ ፈቃደኛ ናቸው።

15. ጥፋት እንዳለብኝ አምናለሁ፤ ደብዳቤው የጻፈው ጥፋት ግን አይደለም። እስከ ጥምቀት ድረስ የጻፍኩት ሳላውቅ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ጥር 26 ድረስ የጻፍኩት ግን አውቄ ነው። ሥራውን ጨርሼ አስረክቤ ሳለ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የዐሥር ሶላት ሲያበቃ፣ እሳቸው ከስልኩ አጠገብ እንደሚሆኑ እያወቅሁ አንድ ቃል እጽፋለሁ። የሚበዛውን ጊዜ የምጽፈው «ሸምሱ» ብቻ ነበር። አንዲትን እናት በልጇ ስልክ አታልለሻል ብባል አልከራከርም።

16. ወደ ፋይሉ እንዳልገባ ስታዘዝ ትእዛዙን አከበርኩ። የካቲት 4 ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ፤ በስክሪኑ ላይ የወጣው የሸምሰዲን ስም ነው። እናቱ ነበሩ፤ ቁጥሬን ጎረቤት ፈልጎላቸው ደወሉ። «ልጄ፣ ስልኩ ዝም ካለ ስምንት ቀኑ» አሉኝ። «ምን አበላሸሁ? የነካሁት ነገር ካለ ይቅር በሉኝ በያቸው።» ምንም አላበላሹም አልኳቸው። ታዲያ ሥራው አልቋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ኔትወርኩ የተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁት።

ስለዚህ የተከበረው ጽሕፈት ቤት፦

ሀ. በሐሰተኛ ሥራ የተሰጠብኝን ውሳኔና የአንድ ዓመት እገዳ እንዲያነሣልኝ፤

ለ. የመጽሔቱ ውጤት በእኔ ድርሻ ብቻ ተመዝኖ፣ የሸምሰዲን አሕመድ ስም ግን በፎቶግራፍ አንሺነቱ ከሽፋኑ ላይ ሳይወጣ እንዲቆይ፤

ሐ. አካውንቱ የካቲት 15 ቀን እንዳይዘጋ፣ እኔም በቀን አንድ ጊዜ ወደ ፋይሉ እንድገባ እንዲፈቀድልኝ፣

በትሕትና እጠይቃለሁ። ሦስቱን መፍቀድ ለኮሌጁ የሚከብድና አንዱ ብቻ የሚቻል ከሆነ፣ ሐ ይፈቀድልኝና ሀ እና ለ ይቅሩብኝ። እገዳውን ጭፍራ ወላጆቼ ቤት ሆኜ እጨርሳለሁ፤ እዚያም ኔትወርክ አለ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ፀሎት ሀብተ ሥላሴ

ግልባጭ፦
ለሚዲያና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል
ለመምህር ራጉኤል