ዘፈንሽን ልጃችን ለወጠችው

ፋናዬ፣

ከተለየሽን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛውም ጉሙን ይዞ መሐል ሜዳ ከተማችን ላይ ተቀምጧል። እኔ ደህና ነኝ። ለወጉ ያህል የምለው እንዳይመስልሽ፤ እውነትም ደህና ነኝ። ያ በጓዳ በኩል ያፈስ የነበረው ጣሪያ ተጠግኗል። በጓሮ የተከልሽው ጎመን ዘሩ ስላልጠፋ አሁንም እየቀነጠስኩ እበላለሁ፤ ተርፎም ለጎረቤታችን ለእትዬ በለጡ እሰጣቸዋለሁ። እሳቸውም ሁልጊዜ ቅጠሉን ተቀብለው ሲያበቁ “ነፍሷን ይማር፣ እጇ ለምለም ነበር” ሳይሉ አይገቡም። ብርዱ ያው ነው። ከእናትሽ የወረስሽውን የበግ ፀጉር ባና ደርቤ እተኛለሁ።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ስለ ጣሪያና ስለ ጎመን ላወራሽ አይደለም። ልጃችን ቤዛ ዘፈንሽን ለውጣዋለች። ከተማው የየራሱን እያወራ ስለሆነ፣ ነገሩን ከእኔ እንድትሰሚው ፈለግሁ።

መጀመሪያ እኔና አንቺ የተገናኘንበትን ቀን ላንሳ። የባህል ቡድኑ ገና ሲቋቋም እኔ ክራር መቺ ሆኜ ገባሁ። ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላኝም፤ ጣቶቼ እንደ እኔ የሚፈጥን የለም ብለው የሚያምኑ ነበሩ። የሰማሁትን ሁሉ አንዲት ድምፅ ሳላጎድል እመልሰው ነበር። ያኔ ጥሩ ሙዚቃ ማለት ለእኔ ፈጣን ሙዚቃ ነው፤ ባዶ ቦታ ካገኘሁ እሞላዋለሁ። አንቺ ደግሞ ከጓሳ አፋፍ የመጣሽ ቀጭን ልጅ፣ አንድን ዘፈን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርገሽ ዘፍነሽ አታውቂም። በመጀመሪያው ልምምድ ስንኙ ይዞራል ብዬ ስጠብቅሽ አንቺ ድምፅሽን ይዘሽ ቆምሽ። እኔ ቀድሜሽ ሄድኩ። ክራሩን አቁሜ “ተሳስተሻል” አልኩሽ። አንቺም ዞር ብለሽ ሳትኮሳተሪ፣ “ጣትህ ይሮጣል፤ ማን እያባረረህ ነው?” አልሽኝ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁብኝ። ለሳምንት ያህል ተናድጄብሽ ነበር፤ በዓመቱ ተጋባን።

ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር ያልተከራከርንበት ጊዜ አልነበረም። እኔ “ጥራት” ስል አንቺ “የራስ የሆነ ነገር” ትያለሽ። የቴፑ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ እስኪሞቅ ድረስ ደጃፍ ተቀምጠን ስንከራከር እትዬ በለጡ የተጣላን መስሏቸው ሊያስታርቁን መጥተው ያውቃሉ። “በምንድን ነው የተጣላችሁት?” ሲሉን “በዘፋኝ” ብንላቸው አማትበው ተመለሱ።

ዕድሜ ግን ሁለታችንንም ከቆምንበት አነሳን። እኔ ሠላሳዎቹ ውስጥ ስገባ ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ኪቦርድ ላይ ተጣድኩ። ሠርግ ቤት ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነበርና። ያ ደግሞ በተራው ሰለቸኝ። አርባን ካለፍኩ በኋላ ጆሮዬ ሌላ ነገር መፈለግ ጀመረ። ዱሮ በጣም ዝግ ይላል፣ ያንቀላፋል የምለው ትዝታ ቅኝት ሆዴ ውስጥ ይገባ ጀመር። በሁለት ምት መካከል ያለችው ዝምታ ጣፈጠችኝ። አንቺ ግን ወዲያኛው መንገድ ላይ ሆነሽ አገኘሁሽ! በመጨረሻዎቹ ዓመታት እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ስትመለሺ ስለ መሪጌታው ታወሪልኝ ነበር፤ አንዲት ምልክት ሳያዛንፉ እንዴት እንዳዜሙ፣ መቋሚያው እንዴት እኩል እንደወረደ። “ወጣት ሳለሁ የራሴን ካልጨመርኩ የኖርኩ አይመስለኝም ነበር” አልሽኝ አንድ ቀን። “አሁን የተሰጠኝን ሳላጎድል ባደርስ ይበቃኛል።” ሳቅኩብሽ፤ አንቺም ሳቅሽብኝ። ጠዋት አንቺ የነበርሽበት ቦታ ማታ እኔ ደረስኩ፤ እኔ የነበርኩበት ላይ አንቺ። ከሁለት አንዳችን ተሳስተን ነበር ብዬ አላስብም። ጆሮም እንደ ጉልበት ከሰው ጋር ያረጃል፤ ሲያረጅ ግን የማያውቀውን ነገር ይለምዳል።

አሁን ወደ ቤዛ ልምጣ።

ከፋሲካ በኋላ ቡድኑ አንቺ የተውሽውን ቦታ የሚሸፍን ድምፃዊት መፈለግ ጀመረ። የቡድኑ መሪ አሁን ተስፋዬ ነው፤ ከበሮ ይመታ የነበረው፣ አንቺ “ቶሎ የሚያለቅስ” የምትይው። ለመምረጥ እሱ፣ እኔና ከትምህርት ቤት የመጣች አንዲት መምህርት ተቀመጥን። ልጄ እንደምትወዳደር ስሰማ ልነሳ ብዬ ነበር፤ ተስፋዬ “አንተ ከሌለህማ ማን ጆሮ አለው?” ብሎ ያዘኝ።

ቤዛ ከቀየት መጣች። እንደምታውቂው እዚያ ታስተምራለች። ነጠላዋን አንቺ እንደምታደርጊው በግራ ትከሻዋ ላይ ጥላ መድረክ ላይ ወጣችና የጓሳውን ዘፈንሽን፣ ሽማግሌዎች ሣሩ እስኪያድግ ስለሚዘጉት የሣር ምድር የገጠምሽውን፣ ጀመረች፦

ጓሳው ተዘግቶ ነው ሣሩ እስኪያድግ ድረስ፣
እኔም ዝም ብያለሁ ልቤም እስኪመለስ።

ፋናዬ፣ አንቺን ነበር የሰማሁት። ዓይኔን ብጨፍን ኖሮ ተነሥቼ አቅፍሽ ነበር። ካሴትሽን ስልኳ ላይ ገልብጣ፣ በመንገድ ላይ፣ የተማሪ ደብተር ስታርም፣ ሁልጊዜ ስትሰማው ነው የከረመችው። ድምፁን የምታነሺበት፣ የምታወርጂበት፣ ፊደሏን የምትጎትቺበት ሁሉ በቦታው ነበር። በሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽሽ ቁርጥ የምትልበት ቦታ አለች አይደል? ሰው ሁሉ የሚያደንቃት፣ “ልቧ ተሰብሮ ነው” የሚላት? እሷንም አልረሳችም። ልክ እዚያው ላይ ቁርጥ አደረገችው። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። ተስፋዬማ አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

ሲያበቃ ተስፋዬ “አበቃ፣ ሌላ ሰው መስማት አያስፈልገንም” አለ። መምህርቷም ተስማማች። እኔ ግን “አይሆንም፤ አሁን አትወስዷትም” አልኩ።

 ተስፋዬ የሰማውን ያላመነ መሰለ። “ልጅህ ናት እኮ ደምሴ። አንድም ያጎደለችው የለም።”

“እሱን ነው የምልህ። አንድም አላጎደለችም፤ አንድም የጨመረችው የለም። ሌላ ቀን ትምጣ፤ እስከዚያ ቦታውን ያዙላት።”

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። ቤዛ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

“አባዬ፣ የእማዬን ድምፅ መስማት ጠላህ እንዴ?”

ይህች ጥያቄ የት እንደገባች አንቺ ታውቂያለሽ። ከዚያ አዳራሽ ውስጥ እኔን ያህል ያንን ድምፅ የናፈቀ አልነበረም። ላባብላት እችል ነበር፤ ግን አላባበልኳትም። “እናትሽን ልስማ ስል ካሴቷ አለልኝ” አልኳት። “ዛሬ የሄድኩት አንቺን ልሰማ ነበር። አልመጣሽም።”

በማግስቱ በጠዋቱ ሚኒባስ ወደ ቀየት ተመለሰች። ራት አብራኝ አልበላችም፤ ስትወጣም አልተሰናበተችኝም። ሳምንታት አለፉ፣ ስልክ የለም። እትዬ በለጡ “ያንዲት ልጅህን ልብ ሰብረህ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?” ብለው ተቆጡኝ። ቅር ብሎኛል፤ አልተጸጸትኩም ግን። ያደረግሁት ልክ እንደሆነ አውቅ ነበር። አንድ ቀን ስላንቺ ድምፅ ያጨበጨበላት ሰው ሌላ ቀን ያንቺን ድምፅ ካጣባት ፊቱን እንደሚያዞር ስንት ጊዜ አይተናል። ልጄ እስክታረጅ ድረስ በሰው ጉሮሮ እንድትኖር አልፈልግም፤ ያ ጉሮሮ ያንቺ ቢሆንም።

በገበያ ቀን ክራሬን በጨርቅ ጠቅልዬ ቀየት ወረድኩ። በሩን ስትከፍት ክራሩን አየችና “ልትፈትነኝ ነው?” አለችኝ። “አይ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው” አልኳት። የገብስ ቂጣ አቀረበችልኝ፤ ኩርፊያዋ ግን አልለቀቃትም። ከበላሁ በኋላ ስለ ካሴቱ ነገርኳት።

ያ ካሴት በተቀዳ ቀን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሽ። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፣ ቴፑ የተውሶ ነው፣ ድጋሚ ለመቅዳት ድንጋይ የለንም። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርሺ ቤዛ ሆድሽ ውስጥ ረገጠችሽ። ትንፋሽሽ የተቆረጠችው ያኔ ነው። ሲያበቃ ጎንሽን ይዘሽ “ይቺ ልጅ ዘፈኔን አበላሸችብኝ” ብለሽ ስቀሻል፤ እኔም “ይደገም” ብዬ ተሟግቼ ነበር። በሌላ ቀን ስትዘፍኚው እዚያ ቦታ ላይ አንድም ጊዜ ተቆርጠሽ አታውቂም።

 ቤዛ አፏን በእጇ ያዘች። የምታለቅስ መስሎኝ ልነሳ ስል ሳቋ አመለጣት፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። “ስንት ወር ሙሉ የተለማመድኩት የራሴን ርግጫ ነው በለኛ!” አለች። እኔም ሳቅሁ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አንድ ላይ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

“እሺ፣ አሁን ምን ላድርግ?” አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች።

“እኔ እንጃ። እኔ ክራር ነው የማውቀው” አልኳትና ፈታሁት።

ቀስ ብዬ፣ ጥቂት ብቻ እየነካሁ መታሁላት። መጀመሪያ ላይ አበላሸችው፤ ያንቺን መንገድ ለመሸሽ ስትል ከቅኝቱ ወጣች፤ ግጥሙ ጠፋባት፤ ተናደደች። “ይኸው፣ ያንተ የራስ የሆነ ነገር ይሄ ነው” አለችኝ። ቢሆንም ከዚያ ሁሉ መበላሸት መካከል አንዲት ከዚህ በፊት ከማንም ያልሰማኋት ዙር ወጣች። ድገሚያት አልኳት። ደገመቻት። ለመድገም የቻለችው ደግሞ ያንቺን ዘፈን ያን ያህል ጠንቅቃ ስላጠናች ነው። ስለዚህ ድካሟ ከንቱ ነበር አልልም፤ እንዲያውም አንቺን ሳታጎድል መያዟ ነው አንቺን ለመተው አቅም የሰጣት። እኔና አንቺ ስንት ዓመት የተከራከርንበትን ነገር ልጅቷ ለሁለታችንም እኩል ፈረደችልን፤ እኔ እንዲህ ነው የገባኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወይ እሷ ትመጣለች ወይ እኔ እወርዳለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ዳግመኛ መድረክ ላይ ወጣች። ነጠላዋን በራሷ አጣጣል ነው የለበሰችው። ዘፈኑ የጓሳው ዘፈን ነው፤ ዜማው ካንቺ ይዘገያል፣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ድምፅዋ ካንቺ ይልቅ ወፍራም እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅሁት። ግጥሙንም ለወጠችው፦

ጓሳው ተከፈተ ማጭዴን ስያለሁ፣
የሚጠበቅ የለም እኔ እቀድማለሁ።

አዳራሹ አላለቀሰም። የሚያደርገው ጠፍቶት ተያየ። ከኋላ በኩል አንዲት ሴትዮ “የእናቷ ይሻል ነበር” ስትል ሰማኋት። ወጣቶቹ ግን ከሁለተኛው ዙር ጀምረው እጃቸውን ማጨብጨብ ያዙ፤ ጭብጨባው መሬት መሬቱን እየሄደ አሮጌዎቹ ጋ ደረሰ። ተስፋዬ እንደለመደው አላነባም፤ ተጠግቶ “ይሄ ምንድን ነው?” አለኝ። “ቤዛ ናት” አልኩት። እሱም “እንግዲያው ቤዛን እንውሰዳት” አለ።

እሷ ግን ማስተማሯን አትተውም። ለበዓልና ለዝግጅት ብቻ እየመጣች ልትዘፍን ተስማምታለች። ክራር የምመታላት እኔ ነኝ። አንዳንዴ ስንኙ ይዞራል ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ይዛ ትቆማለች፤ እኔም ቆሜ እጠብቃታለሁ። የእኔን ጨዋታ “ሽማግሌኛ” ትለዋለች። እሷ በስልኳ የምትሰማውን ፈጣን ዘፈን ስትከፍተው ደግሞ እኔን ራሴን ያመኛል። አንድ ቀን እሷም ዝግ ያለውን ትወዳለች፤ እኔ አልነግራትም፣ ጊዜው ሲደርስ ራሷ ትሰማዋለች።

ፋናዬ፣ ሽማግሌዎቹ ጓሳ ለአጨዳ ይከፈታል ብለው ሲፈቅዱ፣ አጫጆቹ ባሉበት እዚያው አፋፉ ላይ ልንዘፍን ተጠርተናል። ብርድም ቢሆን፣ ጉልበቴም ቢያመኝ፣ በእግርም በፈረስም ብዬ እሄዳለሁ። ልጃችን የራሷን ትዘፍናለች። ስታበቃም “ይህን ዘፈን መጀመሪያ ያወጣው ማን ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ያኔ ተነሥቼ ስምሽን ከነአባትሽ እጠራለሁ፤ ከየት መንደር እንደሆንሽ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ በስንት ዓመትሽ እንደገጠምሽው እነግራቸዋለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ያለ ስምሽ አይዘፈንም። ከእኔ በኋላም እንዲሁ እንድታደርግ ለቤዛ ነግሬያታለሁ፤ “እሱንስ አንተ ሳትነግረኝም አውቃለሁ” ብላኛለች።

ያንቺው፣
ደምሴ