«ሞዴል» ስለተባለው አይሮፕላን

ለክቡር አቶ መልካሙ፣
የአካባቢያችን የፈጠራና የተሞክሮ ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ወንበርዎም እንደምን ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ደክሞኛል እንጂ አልታመምኩም። የታመመችው ባለቤቴ ይርገዱ ናት፤ ይህንንም በአደባባይ የምጽፍልዎ በእርሷ ምክንያት ነው።

ይርገዱ የልብ ሕመምተኛ በመሆኗ ለክትትል ከአዘዞ አዲስ አበባ በአይሮፕላን ትመላለሳለች፤ ረጅሙን የመኪና መንገድ ሐኪሟ ከልክሏታል። ባለፈው ግንቦት ስትመለስ ከአይሮፕላን ማረፊያው አጥር ውጭ ቆሜ እጠብቃት ነበር። አይሮፕላኑ ጎማውን አውጥቶ ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው ድንገት አፍንጫውን ቀና አድርጎ ተመልሶ ወደ ሰማይ ወጣ። ከፊቱ በርቀት መቆጣጠሪያ የሚበር፣ ክንፉ ቀይ የሆነ፣ ግልገል የሚያህል አይሮፕላን ያንዣብብ ነበር። እርስዎ የሸለሙትን የትንንሽ አይሮፕላን አብራሪዎች ማኅበር ንብረት ማለቴ ነው። ዞሮ በሰላም እስኪያርፍ ድረስ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ። ስለዚህም ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. አደጋው ሳይቃጣ አስቀድሜ አመልክቼ ነበር። ለብዙ ዘመን ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን በስሙ ልጥራ ብዬ፣ «ሞዴል አይሮፕላኖች ከማረፊያው ጫፍ እየበረሩ ነውና አንድ ነገር ይደረግ» ስል ጻፍኩ። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ሞዴል አርሶ አደርን፣ ሞዴል ቤተሰብንና ሞዴል ቀበሌን ሲሸልም የኖረ በመሆኑ፣ ቃሉን ባየ ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበት ወዲያው ገባው፤ ለማኅበሩ የምስክር ወረቀት ሰጠ። በጠቋሚነት ስሜ በአዳራሹ ተነቦ ስለተጨበጨበልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስሕተቱን በአካል ላስረዳ ስመጣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ይህን ውለታዎን አልረሳም። ሞዴል ማለት እዚህ ላይ አርአያ ማለት ሳይሆን የእውነተኛው አምሳያ ማለት መሆኑን ስገልጽልዎ ራስዎን እየነቀነቁ ሰሙኝና፣ አርአያ የሆነ ሁሉ ቅናት አያጣውም ብለው አሰናበቱኝ። ቀጥሎም ተሞክሮው ተቀምሮ እንዲሰፋ ከአዲ አርቃይ ልዑካን አስመጡ። እነርሱም የየራሳቸውን ይዘው ስለመጡ፣ ጥቂት ሞዴሎች ይበሩበት የነበረው ሰማይ ዛሬ በመንጋ ተሞልቷል።

፫ኛ. የማኅበሩ አባላት ሕፃናት ቢሆኑ ኖሮ በምክር ይመለሱ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም ጢማም፣ ባለትዳር ሰዎች ናቸው። ሊቀመንበሩን አቶ አብዮትን፣ ሜዳ በሞላበት አገር ከማኮብኮቢያው ጫፍ ራቅ ብላችሁ ብትጫወቱ ምን ይላችኋል ብዬ ብለምናቸው፣ ለትንሹ መንገድ የሚለቀው ትልቁ ነው አሉኝ። አንዲት አሞራ እንኳ ሞተር ውስጥ ብትገባ መዓት እንደምታመጣ፣ የእርሳቸው አሞራ ደግሞ ባትሪና ብረት የዋጠች መሆኗን ነገርኳቸው። እርሳቸውም ማኅበሩ የምስክር ወረቀት እንዳለው አስታወሱኝ።

የቀረውን በቁጥር አልጽፈውም። ይርገዱ ከዚያ ቀን ወዲህ አልሳፈርም ብላለች። ለቀጠሮዋ ያዘጋጀሁላትን ቦርሳ ፈትታ ልብሷን ወደ ሳጥኑ መለሰችው። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ የንስሐ አባቷን ባስመክራት እንቢ አለች። በመጨረሻ ያለችኝ ይህን ነው፦ «ምነው ፊልጶስ፣ የምሄደው ልቤን ላሳክም ነው ወይስ ላስቆም?» መድኃኒቷ እያለቀ ነው፤ ሐኪሟ ሳያያት አዲስ አያዝላትም። እኔም ያለ እርሷ መኖር አላውቅበትም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ሞዴሎቹን ከማረፊያው እንዲያርቁልን በድጋሚ እለምናለሁ። ቃሉ የሚያስቸግር ከሆነ «መጫወቻ» ብለው ያንብቡልኝ።

ሰማዩን ለምትካፈሉን ሁሉ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በተረፈችኝ ጥቂት ትዕግሥት እጅ እነሣለሁ።

ፊልጶስ ቢያዝን፣ ከአዘዞ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማኅበሩን ለመጎብኘት ከአዲስ አበባ የሚመጡት እንግዶችዎ የሚሳፈሩበት አይሮፕላን አርፎ እስኪመለስ ድረስ አንድም ሞዴል ከመሬት እንዳይነሣ ማዘዝዎን አቶ አብዮት አዝነው ነገሩኝ። ለካ እርስዎ አደጋውን ያውቁት ኖሯል። የይርገዱ የቀጠሮ በረራ ከጉብኝቱ ማግስት ስለሆነ፣ ሰማዩ እንደተጠበቀ አብራቸው እንድትሳፈር እንግዶችዎን አንድ ሌሊት ያሳድሩልን፤ ቤት ከጠበበ በእኛ ቤት አልጋ አለ።